ዕረፍት የማን ነው? ሥራቸውን ለጨረሱ ባልና ሚስት ለልጆቻቸውም የተጻፈ ምክር

አንባቢ ሆይ፥ ሰው ሥራ ሲጀምር የሚመክረው ብዙ ነው፤ ሥራውን ሲጨርስ ግን የሚመክረው ጥቂት ነው። ተማሪ ከትምህርት ቤት ሲወጣ አስተማሪው፥ አባቱ፥ ጎረቤቱም ሁሉ «እንዲህ አድርግ፥ ከዚህ ተጠንቀቅ» ይለዋል። ሙሽራውንና ሙሽራይቱንም ሽማግሌዎች መክረው፥ መርቀው ይሸኟቸዋል። ነገር ግን 60 ዓመት የሞላው ሠራተኛ የመሰናበቻ ደብዳቤውን ተቀብሎ፥ ከጓደኞቹም ጋር ቡና ጠጥቶ ወደ ቤቱ ሲመለስ፥ «ከነገ ጀምሮ ቀንህን በምን ታሳልፈዋለህ? ከማንስ ጋር ትካፈለዋለህ?» ብሎ የሚጠይቀው አይገኝም። ሁሉም «እንኳን ለዕረፍት አበቃህ» ብሎት ያልፋል። ስለዚህ በዚህች ትንሽ ጽሑፍ አንድ ጥያቄ እንመርምር፤ እርሱም ይህ ነው፤ ባልና ሚስት በእርጅናቸው ዘመን የሚያገኙት ዕረፍት የማን ነው? የባል ነውን? የሚስት ነውን? ወይስ የልጆች ነው?

አንተ ገና ወጣት ተማሪ ብትሆን «ይህ ነገር እኔን አይመለከተኝም» አትበል። የአባትህና የእናትህ ዕረፍት እኩሌታው በአንተ እጅ ነውና። ደግሞም ሰው በሽምግልናው የሚኖረው በጉብዝናው በለመደው ልማድ ነው፤ በ60 ዓመቱ ባለቤቱን ማሳረፍ የማያውቅ ሰው፥ በ30 ዓመቱም አላወቀም ነበር።

አስቀድመን ቃሉን እንመልከት። ጡረታ የሚለው ቃል ጦረ ከሚለው የወጣ ነው። መጦርም ማለት ያረጀን አባትና ያረጀችን እናት ማብላት፥ ማልበስ፥ በድካማቸውም ጊዜ መደገፍ ነው። ስለዚህ ሽማግሌዎች ሲመርቁ «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ይላሉ። እንግዲህ ይህ ነገር በመጀመሪያ የልጅ ዕዳ ነበረ እንጂ የመንግሥት ገንዘብ አልነበረም። ኋላ ግን ከተማ ሲሰፋ፥ ሰውም ከተወለደበት አገር ርቆ በደመወዝ ሲያድር፥ መንግሥት ከዚህ ዕዳ ከፊሉን ተሸከመ። በ1955 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 የመንግሥት ሠራተኞችን ጡረታ በሕግ አጸና፤ በ2003 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 715 ደግሞ ይህንኑ በግል ድርጅት ለሚሠሩ አደረሰ፤ በ2014 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1267 እና ቁጥር 1268 በቀደሙት ፋንታ ወጡ። በዚህም ሥርዓት ሠራተኛው ከደመወዙ ከመቶ 7፥ አሠሪው ደግሞ ከመቶ 11 ያዋጣሉ፤ ዕድሜው 60 ዓመት የሞላና ከ10 ዓመት ያላነሰ ያገለገለ ሰውም በሕይወት እስካለ ድረስ በየወሩ አበል ይቀበላል። እርሱም ቢሞት የትዳር ጓደኛውና ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆቹ ድርሻ አላቸው።

ይህ መልካም ሥርዓት ነው። ነገር ግን ሕጉ የሚያየው ደመወዝ የተከፈለበትን ሥራ ነው። ሊጥ ያቦካች፥ እንጀራ የጋገረች፥ ልጅ ያጠበችና የታመመ ያስታመመች ሴት ስንት ዓመት እንዳገለገለች የሚጻፍበት መዝገብ የለም፤ 60 ዓመት ሲሞላትም የመሰናበቻ ደብዳቤ የሚሰጣት የለም። ጥያቄያችን የሚነሣው ከዚህ ላይ ነው።

ነገሩ እንዲገለጥልን በአዲስ አበባ የሚኖሩ አንድ ባልና ሚስት በምሳሌ እናንሣ። ስማቸውን መጥራት አያስፈልግም፤ እነርሱን የሚመስሉ በየሰፈሩ አሉና። አዛውንቱ 36 ዓመት በመዝገብ ቤት ያገለገሉ ጸሐፊ ነበሩ። ባለቤታቸውም በእነዚያ ዓመታት ውስጥ አራት ልጆች ወልደው አሳደጉ። በሰኔ መጨረሻ አዛውንቱ ከሥራ ወጡ። በሐምሌም እንደ ልማዳቸው ማልደው እየተነሡ፥ ልብሳቸውንም ለብሰው፥ የሚሄዱበት ስለሌላቸው በወንበራቸው ይቀመጡ ጀመር። ከዚያም ቁርስ ይጠይቃሉ፤ ጥቂት ቆይተው ቡና ይጠይቃሉ፤ በቀትር ምሳ፥ በዘጠኝ ሰዓት ደግሞ ሻይ ይጠይቃሉ። ቀድሞ በቀን ሁለት ጊዜ ይቀርብ የነበረው ማዕድ አራት ጊዜ ሆነ። አንድ ቀን ባለቤታቸው ሲኒውን እየሰበሰቡ፥ «እርስዎ ከመሥሪያ ቤት ወጡ፤ እኔስ ከማጀት የምወጣው መቼ ነው?» አሏቸው። ይህን የተናገሩት በቍጣ አልነበረም፤ በፈገግታ ነበረ። ነገር ግን ነገሩ እውነት ስለ ሆነ አዛውንቱ የሚመልሱትን ቃል አጡ።

አንባቢ ሆይ፥ አንተ ብትሆን ምን ትመልስ ነበር? ምናልባት «እኔ ብዙ ዘመን ደክሜ ቤቱን አስተዳድሬአለሁ፤ ዕረፍት ይገባኛል» ትል ይሆናል። እውነት ነው፥ ይገባሃል። ነገር ግን ሸክሙን ከትከሻው አውርዶ በባልንጀራው ትከሻ ላይ የሚጭን ሰው፥ ለራሱ ቀለለለት እንጂ ሸክሙ አልቀነሰም። የአንዱ ዕረፍት በሌላው ድካም ላይ ከቆመ፥ ስሙ ዕረፍት አይደለም፤ ድካምን ማዛወር ነው እንጂ።

ነሐሴ በገባ ጊዜ ዝናቡ በረታ። የቤቱም ቆርቆሮ ካረጀ ብዙ ዘመን ስለ ሆነው ምስማሩ የተመታበት ቀዳዳ ዝጎ ሰፍቶ ነበር፤ ውኃውም በመኝታ ቤቱ ኮርኒስ ላይ ይንጠባጠብ ጀመር። በጎረቤት አንድ ወጣት አናጢ ነበረ፤ ቢጠሩት በደስታ ይመጣ ነበር። አዛውንቱ ግን «በራሴ ቤት ሰው ምን ብዬ አስቸግራለሁ? ገና እጄ አልደከመም» ብለው መሰላል አቁመው ወጡ። እንጨቱም ርሶ ነበርና እግራቸው አዳለጣቸው፤ ወድቀውም የእጃቸው አንጓ ተሰበረ።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 ዓ.ም. እንዳስታወቀው፥ በዓለም ሁሉ በየዓመቱ 684,000 የሚያህሉ ሰዎች በመውደቅ ይሞታሉ፤ ይህም ሳይታሰብ ከሚደርሱ አደጋዎች ከመንገድ አደጋ ቀጥሎ ሁለተኛው ገዳይ ነው፤ ከሚሞቱትም የሚበዙት ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት በላይ የሆኑት ናቸው። አጥንት በእርጅና ይሳሳል፤ ዓይን ይደክማል፤ እግርም የአካልን ሚዛን እንደ ቀድሞው ፈጥኖ አይመልስም። ስለዚህ በሌሊት የሚበራ መብራት፥ በመታጠቢያ ቤት የሚያዝ እጀታ፥ በደረጃ ላይም መደገፊያ ማድረግ ለሽማግሌ ቅንጦት አይደለም።

እኛ ግን ስለ አጥንቱ ብቻ ሳይሆን ስለ ልቡም እንናገር። አዛውንቱ ሰው ላለማስቸገር ወጡ፤ በወደቁም ጊዜ ማንን አስቸገሩ? ስድስት ሳምንት ያህል ያጎረሷቸውና ያለበሷቸው፥ ጫማቸውንም ያሰሩላቸው ባለቤታቸው አይደሉምን? ከጎረቤት የአንድ ሰዓት ርዳታ መቀበልን ስለ ናቁ፥ ከቤታቸው የስድስት ሳምንት ድካም ወሰዱ። እንግዲህ ርዳታን መቀበል ውርደት እንዳይመስለን። በጊዜው «እባክህ ርዳኝ» ማለት የሚችል ሽማግሌ፥ የሌሎችን ዕረፍት የሚጠብቅ ሰው ነው።

በኅዳር ወር ከሴቶች ልጆቻቸው አንዲቱ፥ በአሜሪካ አገር በዋሽንግተን ከተማ አጠገብ የምትኖረው፥ ስልክ ደወለች። የመጀመሪያ ልጅዋን ልትወልድ ነበርና፥ «እማዬ፥ መጥተሽ እረሺኝ» አለቻት። በአገራችን እናት ለልጅዋ አራስነት መድረስ የጥንት ልማድ ነው። ስለዚህ እናት ፈቃዱን አውጥተው፥ በሶውንና የአጥሚቱን እህል፥ በርበሬውንና ሽሮውን ቋጥረው፥ በጥር ወር ሄዱ። አዛውንቱም ብቻቸውን ቀሩ።

እነሆ፥ 36 ዓመት የሌላውን ሰው መዝገብ አንድም ሳያዛንፉ የጠበቁ ሰው፥ በገዛ ቤታቸው ጨው የት እንደሚቀመጥ አላወቁም። የመጀመሪያው ሽሮ አረረ፤ ሁለተኛው ቀጠነ። ከሁሉ የከፋው ግን ይህ ነበረ፤ አንድ ምሽት ብርዱ ስለ በረታባቸው የከሰል ምድጃውን ወደ መኝታ ቤት አስገብተው፥ በርና መስኮቱን ዘግተው ተኙ። እኩለ ሌሊት ላይ ራሳቸውን እያዞራቸውና እያመማቸው ነቁ፤ በጭንቅ ወደ በሩ ደርሰው ከፈቱት፤ በዚህም ዳኑ። አንባቢ ሆይ፥ ይህን አጥብቀህ ያዝ፤ ከሰል ሲነድ ቀለምም ሽታም የሌለው መርዘኛ ጋዝ ይወጣዋል። እርሱም ከደም ጋር ተጣብቆ፥ ደም ለሰውነት የሚያደርሰውን ንጹሕ አየር ይከለክላል፤ የተኛው ሰውም ሳይነቃ ይሞታል። የፋመ ከሰል እንኳ ጢስ ስለሌለው ደኅና ይመስላል እንጂ ደኅና አይደለም። በተዘጋ ክፍል ከሰል ይዞ መተኛት ከቶ አይገባም።

ከዚህ በኋላ አዛውንቱ ልብ ገዙ። ብዕርና ደብተር አንሥተው፥ ከንጋት እስከ ማታ በቤት የሚሠራውን ሁሉ አንድ በአንድ ይጽፉ ጀመር፤ መጥረግ፥ ውኃ መቅዳት፥ ልብስ ማጠብ፥ ሽንኩርት መክተፍ፥ ዕቃ ማጠብ፥ ገበያ መሄድ፥ ለቅሶ መድረስ፥ የታመመ መጠየቅ፥ የእድር መክፈል። በአንድ ቀን ብቻ 23 ዓይነት ሥራ ቈጠሩ። በዚያ ሰዓት፥ ባለቤታቸው በሐምሌ ለጠየቋቸው ጥያቄ ከቃል የሚበልጥ መልስ አገኙ፤ ማንም ያልጻፈውን የአገልግሎት መዝገብ በገዛ እጃቸው ጽፈውታልና።

ባሕር ማዶስ ምን ሆነ? የአራስነቱ ጊዜ በደስታ አለፈ። ገንፎው ተገነፋ፤ አጥሚቱ ተጠጣ፤ ሕፃኑም በአያቱ ጭን ተኛ። ልጅቱ ግን ወደ ሥራዋ በተመለሰች ጊዜ፥ እናት ከጧት እስከ ማታ በማያውቁት አገር፥ ቋንቋውን በማይሰሙት ሰፈር፥ በከፍተኛ ፎቅ ላይ ከሕፃኑ ጋር ብቻቸውን ይውሉ ጀመር። በረዶውም ከቤት አያስወጣም ነበር። በጎብኚ ፈቃድ ወደዚያ አገር የሚገባ ሰው ብዙውን ጊዜ እስከ 6 ወር እንዲቆይ ይፈቀድለታል። አራተኛው ወር ሲፈጸም ልጅቱ፥ «እማዬ፥ ጊዜሽን እናስረዝምልሽ፤ እስከሚመጣው ዓመት ቆዪ» አለች።

ይህችን ልጅ ክፉ ናት አንበል። በዚያ አገር ሕፃን የሚጠብቁ ሰዎች የሚጠይቁት ዋጋ ብዙ ነው፤ ባልዋም የሌሊት ሠራተኛ ነበረ። እናትዋንም በእውነት ትወዳለች። ነገር ግን ፍቅርና ጥቅም በአንድ ልብስ ተጠቅልለው በመጡ ጊዜ መለየታቸው ጭንቅ ነው። ሰው «እናቴን ናፍቄአለሁ» ሲል፥ «ሠራተኛ አጥቼአለሁ» ማለቱ እንደ ሆነ ራሱን ሊመረምር ይገባል።

መጽሐፍ ቅዱስ የሁለት ሽማግሌዎችን ታሪክ ይነግረናል። አንደኛው ያዕቆብ ነው። ልጁ ዮሴፍ በሕይወት እንዳለ በሰማ ጊዜ ወደ ግብፅ ወረደ፤ በፈርዖን ፊት በቆመ ጊዜ ዕድሜው 130 ዓመት ነበረ። ዮሴፍም አባቱን የጠራው ሊያገለግለው አልነበረም፤ ሠረገላ ላከለት፥ የጌሤምን ምድር አሰጠው፥ በራብም ዘመን መገበው፤ በአጭሩ ጦረው። ሁለተኛው ገለዓዳዊው ቤርዜሊ ነው። ዳዊት በስደት ሳለ ስለ መገበው፥ ንጉሡ ወደ ኢየሩሳሌም ወስዶ ሊጦረው ወደደ። ቤርዜሊ ግን 80 ዓመት እንደ ሞላው፥ የሚበላውን እንደማያጣጥም፥ የዘፋኞችንም ድምፅ እንደማይሰማ ገልጦ፥ በገዛ ከተማው በአባቱና በእናቱ መቃብር አጠገብ መሞትን መረጠ። ዳዊትም አላስገደደውም፤ ስሞ መርቆ አሰናበተው።

እንግዲህ አንዱ ሄደ፥ አንዱ ቀረ፤ ሁለቱም አልተነቀፉም። ስለዚህ መሄድ መልካም ነው፥ መቅረት ክፉ ነው፥ ወይም መቅረት መልካም ነው፥ መሄድ ክፉ ነው ብለን ሕግ አናወጣም። ልናስተውለው የሚገባን ሌላ ነው፤ ልጅ ወላጁን ሲጠራ እንደ ዮሴፍ ሊጦር ይጥራ፤ ወላጅ «ልቅር» ሲል ደግሞ እንደ ዳዊት መርቆ ይሰናበት።

እናትም ለልጃቸው እንዲህ ሲሉ መለሱላት፤ «ልጄ፥ አራስነትሽን ለማየት መጣሁ፤ አይቼም ደስ ብሎኛል። አሁን ግን አባትሽ ብቻውን ነው፤ እኔም ሰፈሬን ናፍቄአለሁ። እጠላሻለሁ ብለሽ አትዘኚ፤ ስትፈልጊኝ ደግሞ እመጣለሁ።» ልጅቱ አለቀሰች፤ ጥቂት ቀንም ከፋት። በኋላ ግን በዚያው ሰፈር ከምትኖር ሌላ እናት ጋር ተስማምታ፥ ሕፃናቱን በየተራ ይጠብቁ ጀመር። እናት ባይሉ ኖሮ ይህ መንገድ አይፈለግም ነበር። አንዳንድ ጊዜ የወላጅ «አይሆንም» ማለት ለልጁ ትምህርት ነው።

እናትም በግንቦት ተመለሱ። አዛውንቱ ቡናውን ራሳቸው አፍልተው ተቀበሏቸው፤ ደብተሩንም አሳዩአቸው። ከዚያም በትዳራቸው ዘመን ጠይቀው የማያውቁትን ጥያቄ ጠየቁ፤ «አንቺስ ወዴት መሄድ ትወጃለሽ?» አሉ። እናትም ታላቅ እኅታቸው ወደሚኖሩበት ወደ ሐረር መሄድን መረጡ፤ ከተያዩ 20 ዓመት ሆኗቸው ነበርና።

በሰኔ ወር በባቡር እስከ ድሬዳዋ ሄዱ። ከጂቡቲ የተነሣው የቀድሞው ሐዲድ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነበረ፤ የድሬዳዋም ከተማ የተቈረቈረችው ያው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ወደዚያ በደረሰ ጊዜ ነው። በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ ባቡር በ2009 ዓ.ም. ተመረቀ። ከአዲስ አበባ ደጋ ወደ ድሬዳዋ ቆላ ሲወርዱ ካባቸውን አወለቁ። ከዚያም በመኪና ወደ ሐረር ወጡ፤ በ16ኛው መቶ ዓመት በአሚር ኑር ዘመን የተሠራውን፥ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ የተጻፈውን የጀጎልን ግንብ፥ አምስቱንም ጥንታውያን በሮች አዩ። እናት ግን ከግንቡ ሁሉ የሚበልጥባቸው የእኅታቸው ፊት ነበረ። እኅቲቱ ዓይናቸው ደክሞ ስለ ነበረ፥ በእጃቸው ዳሰው አወቋቸው።

አንዳንድ ሰው በዚህ ላይ ይከራከራል። «ገንዘቡ ለልጅ ልጅ ትምህርት ቢውል አይሻልምን? ሽማግሌ አገር ማየቱ ምን ይረባል?» ይላል። ይህ ክርክር የሚናቅ አይደለም። ልጁ ተርቦ ሳለ ለሽርሽር የሚወጣ አባት ነቀፋ ይገባዋል። ነገር ግን የልጅ ችግር ሌላ ነው፥ የልጅ ምቾትም ሌላ ነው። ለችግሩ መድረስ ግዴታ ነው፤ ለምቾቱ ግን ወላጅ የቀረውን ጥቂት ዘመን ሁሉ እንዲሸጥ አይጠየቅም። ደግሞም እኅትን በሕይወት ሳለች ማየት ሽርሽር አይደለም፤ ይህም ዕዳ ነው። በመቃብር ላይ ለማልቀስ ሺህ ብር የምናወጣ ሰዎች፥ በሕይወት ለመተያየት ስለ ምን እንሳሳለን?

ሌላው ደግሞ፥ «ይህ ሁሉ አበል ላላቸው ነው፤ እናቴ በጉልት ስትቸረችር ኖራለች፥ አባቴም ሸማኔ ነው፤ ማን ጡረታ ይሰጣቸዋል?» ይላል። ወንድሜ ሆይ፥ እውነት ተናገርህ። ለእነርሱ ጡረታ ማለት አንተ ነህ። ቃሉም አስቀድሞ የአንተ እንደ ነበረ ከላይ አይተናል። ባቡር የሚያሳፍር ገንዘብ ባይኖርህ እናትህን እጅዋን ይዘህ እስከ ጎረቤትዋ ቤት አድርሳት፤ የምትቀመጥበትንም አንድ ከሰዓት በኋላ ስጣት፤ የዕለቱን ሥራ ግን አንተ ሥራላት።

እንግዲህ ነገሩን እንጠቅልል። ዕረፍት የማን ነው? የባል ብቻ አይደለም፤ የሚስት ብቻ አይደለም፤ ልጆችም የሚዘርፉት ምርኮ አይደለም። ተካፍለው የሚበሉት እንጀራ ነው እንጂ፤ አንዱ ጠቅልሎ ቢወስደው ለሌላው ረኃብ ይሆንበታል።

አባት ሆይ፥ ከመሥሪያ ቤት የወጣህ እንደ ሆነ ወደ ማጀት ግባ፤ ቢያንስ ሲኒውን አንሣ። እናት ሆይ፥ ከልማድ የተነሣ ሥራውን ሁሉ በእጅሽ አትያዥ፤ ሽሮው ቢቀጥንም ባልሽ ያብስለው። ልጅ ሆይ፥ ወላጆችህን ከመጥራትህ በፊት «ምን ትወዳላችሁ?» ብለህ ጠይቃቸው፤ መልሳቸውንም ሳትቀየም ተቀበል። ተማሪ ሆይ፥ ዛሬ ወደ ቤትህ ስትመለስ እናትህ በዚህ ሰዓት ስንተኛውን ሥራ እንደምትሠራ ቍጠር፤ ቈጥረህም አትቀመጥ፥ አንዱን ከእጅዋ ተቀበል።